የሐይቅ ተረትና የኅዋ ፊልም፤ ስለ ገበያ፣ ስለ ተመልካች ተስፋና ስለ ምስል ብልሃት

መግቢያ

የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም በዛሬው ዓለም እጅግ ብዙ ገንዘብ ከሚፈስባቸው ጥበቦች አንዱ ነው። በዚህ ፊልም ላይ ዘወትር የሚሰማ ወቀሳ አለ። ይኸውም ፊልሙ ሸቀጥ ሆኗል፤ ታሪኩ ቀጭጮ የምስል ብልሃቱ ብቻ ገንኗል፤ አድናቂውም የለመደውን ካላገኘ ይቆጣል የሚል ነው። ወቀሳው እውነትነት አለው። ነገር ግን ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮችን በአንድ ገመድ ያስራል። የገበያው፣ የተመልካቹ ተስፋና የምስል ብልሃቱ ድርሻ ተለይቶ ካልታወቀ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ለመፍረድ አይቻልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስቱን ለያይቶ ማስረዳት ነው።

ለመመዘኛ የምንወስደው ከደቡብ ወሎ ሐይቅንና አምባሰልን ነው። አንባቢው «ሐይቅንና የኅዋ መርከብን ምን አገናኛቸው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ድንቅ ነገርን ለሰሚ ማቅረብ፣ ለዚያም ዋጋ መቀበል፣ የሰሚውንም ልማድ መጠበቅ በዚህ አገር ሲኒማ ከመምጣቱ በፊት የነበረ ሥራ ነው። አዲሱን በአሮጌው መመዘን ደግሞ የተማሪ ተግባር ነው።

፩. የሐይቅ አፈ ታሪክ

የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተሁለደሬ ወረዳ ትገኛለች። አጠገቧ ያለው ሐይቅ ስፋቱ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር እንደሚደርስ ተለክቷል። ይህ ውሃ እንዴት እንደ ተገኘ የአካባቢው አፈ ታሪክ እንዲህ ይላል። አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት እጅ ግፍ ተፈጸመባት። እግዚአብሔርም በግፉ ተቆጥቶ ሴትዮዋ ከተቀመጠችበት መሬት በቀር በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ልዕልቲቱም ከነዘመዶቿና ከነወዳጆቿ ሰጠመች። ሴትዮዋ የተቀመጠችበት ስፍራ ደሴት ሆኖ ቀረ። አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ምዕተ ዓመት ያቀኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው በዚሁ ስፍራ ነው፤ ደሴቱም ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል።

የዚህን ተረት አሠራር ልብ እንበል። ምድር በቅጽበት ውሃ መሆኑ ትልቅ ትርዒት ነው። አንድ የፊልም ኩባንያ ቢሠራው መቶ ባለሙያ በኮምፒዩተር ፊት ለወራት ያስቀምጥበታል። ተራኪው ግን ከድምፁ በቀር መሣሪያ የለውም፤ ቢሆንም ድንቁ አይቀንስም። ለዚህም ሦስት ምክንያቶች እናገኛለን። አንደኛ፣ ከድንቁ በፊት ግፍ አለ፤ ስለዚህ ውሃው ትርዒት ብቻ ሳይሆን ፍርድ ነው። ሁለተኛ፣ የውሃው አመጣጥ በዝርዝር ስለማይነገር ሰሚው በገዛ ልቡ ይሥለዋል። ሦስተኛ፣ ውሃውና ገዳሙ ዛሬም በዓይን ይታያሉ፤ ተራኪው በእጁ አመልክቶ «ያውና» ሊል ይችላል። ምክንያት፣ ለሰሚ የተተወ ስፍራና ምስክር እንበላቸው። እነዚህን ሦስቱን ይዘን ወደ ሲኒማው እንሻገር።

፪. የምስል ብልሃት

በሲኒማ ሰዎች ዘንድ «ኢፌክት» የሚባለው፣ እኛ የምስል ብልሃት የምንለው፣ ከሲኒማው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜልየስ እ.ኤ.አ. በ1902 ሰዎች ወደ ጨረቃ ሲጓዙ ያሳየው በተቀባ ሰሌዳና ካሜራውን አቁሞ መልሶ በማስነሣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ጃፓኖች «ጎድዚላ» የተባለውን አውሬ ሲሠሩ አንድ ተዋናይ የአውሬ ልብስ አልብሰው ቁመቷ በተመጠነች ትንሽ ከተማ ላይ አራመዱት። አውሬው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በሂሮሺማና በናጋሳኪ ላይ የወረደውን እሳት የሚያስታውስ ስለ ነበር የላስቲኩ ልብስ ማንንም አላሳቀም። እዚህ ላይ ከሐይቁ ተረት ያገኘነውን ምክንያት መልሰን እናገኛለን።

ሁለተኛውን ነጥብ፣ ለተመልካች የሚተወውን ስፍራ፣ የሚያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የስቲቨን ስፒልበርግ «ጆስ» ነው። በባሕር ላይ ለቀረጻ የተሠራው የሻርክ ማሽን በየጊዜው እየተበላሸ አስቸገረ። ዳይሬክተሩም አውሬውን በማሳየት ፈንታ ውሃውን፣ ተንሳፋፊውን በርሜልና ሙዚቃውን አሳየ። ተመልካቹ ያልታየውን አውሬ ከታየው ይልቅ ፈራው። በዚሁ ሰው በ1993 እ.ኤ.አ. በተሠራው «ጁራሲክ ፓርክ»ም ከሁለት ሰዓት በላይ ከሚፈጀው ፊልም ውስጥ ዳይኖሰሮቹ የሚታዩት 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። የቀረው ጊዜ ዝግጅትና ጥበቃ ነው፤ ጥበቃውም ሥራ ይሠራል።

ኮምፒዩተር ከተስፋፋ በኋላ ግን ማናቸውንም ነገር ማሳየት ተቻለ። ማሳየት ሲቻል አለማሳየት ድህነት መሰለ። ድንቅ ደግሞ ጠባይ አለው፤ መጀመሪያ ያስገረመው በሁለተኛው ጊዜ ተራ ይሆናል። አንድ ከተማ ሲፈርስ ያየ ተመልካች በሚመጣው ዓመት ሁለት ከተሞች እንዲፈርሱለት ይጠብቃል። ይህ ግን በብልሃቱ በራሱ የመጣ አይደለም። ብልሃቱን በዚህ መንገድ የሚነዳው ሌላ ኃይል አለ፤ እርሱም ገበያው ነው።

፫. ገበያው

«ጆስ» በአንድ ጊዜ ከ400 በሚበልጡ የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ተከፍቶ በቴሌቪዥን በብዙ ማስታወቂያ ተነገረለት። የጆርጅ ሉካስ «ስታር ዋርስ» በግንቦት 1977 እ.ኤ.አ. በ32 ሲኒማ ቤቶች ብቻ ተጀመረ፤ የወጣበትም 11 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ሉካስ በውሉ ላይ የተከታታይ ፊልሞችንና የመጫወቻ ዕቃዎችን መብት ለራሱ አስቀረ። ኩባንያው ይህን በቀላሉ የለቀቀው ብዙ ዋጋ ያለው መስሎ ስላልታየው ነው። በዚያው ዓመት ለገና በዓል የአሻንጉሊቱ ፋብሪካ ዕቃውን ማድረስ ስላልቻለ ባዶ ካርቶን ከማረጋገጫ ወረቀት ጋር ሸጠ፤ ወላጆችም ገዙ። ባዶ ካርቶን የተሸጠበት ያ ገና፣ ፊልም ትኬት ብቻ ሳይሆን ተስፋም የሚሸጥበት ንግድ መሆኑን አሳየ። በጥቅምት 2012 እ.ኤ.አ. የዲዝኒ ኩባንያ የሉካስን ድርጅት ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ለመግዛት መስማማቱን ሲያስታውቅ የገዛው ገና ያልተሠሩትን ፊልሞች ጭምር ነበር።

አሁን ሒሳቡን እንይ። ለአንድ ፊልም 200 ሚሊዮን ዶላር ወጣ እንበል። ከትኬቱ ሽያጭ ሲኒማ ቤቶች ከፍ ያለ ድርሻ ይወስዳሉ፤ ለማስታወቂያም ሌላ ብዙ ገንዘብ ይወጣል። ስለዚህ 200 ሚሊዮን ብቻ ያስገባ ፊልም ከሳሪ ነው፤ ለማትረፍ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ከየአገሩ መሰብሰብ አለበት። ይህን ያህል ገንዘብ ያወጣ ሰው በማይታወቅ ታሪክ ላይ አይወራረድም። ሰው የሚያውቀውን ስም፣ የሚያውቀውን ፊትና የሚያውቀውን ፍጻሜ ይመርጣል። ታሪኩ እንዲህ በፍርሃት ከታሰረ በኋላ በፊልሙ ውስጥ አዲስ እንዲሆን የሚፈቀድለት አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ እርሱም የምስሉ ብልሃት ነው። ብልሃቱ የገነነው ታሪኩ የተወውን ስፍራ ለመሙላት ነው።

ብልሃቱን በእጃቸው የሚሠሩትም ሰዎች ከትርፉ ሁልጊዜ አይካፈሉም። የብልሃት ድርጅቶች እርስ በርሳቸው ተጫርተው በቁርጥ ዋጋ ይዋዋላሉ፤ ምስሉ ደጋግሞ ይቀየር ሲባል ኪሳራው የእነርሱ ይሆናል። በየካቲት 2013 እ.ኤ.አ. «ሪዝም ኤንድ ሂውስ» የተባለው ድርጅት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በጥቂት ቀናት ውስጥ «ላይፍ ኦፍ ፓይ» በተባለው ፊልም ላይ ለሠራው የምስል ብልሃት የኦስካር ሽልማት ተሰጠ፤ ከአዳራሹ ውጭ ግን ባለሙያዎች ተቃውሞ ያሰሙ ነበር። ፊልሙ የሳይንስ ልብ ወለድ ባይሆንም ሙያውና ውሉ አንድ ዓይነት ናቸው።

፬. የአድናቂው ተስፋና የአምባሰል ቅኝት

ብዙ ተቺዎች አድናቂውን ይወቅሳሉ። በርግጥም የአድናቂው ተስፋ ኃይለኛ ነው። በኅዳር 1998 እ.ኤ.አ. ስለሚመጣው አዲስ «ስታር ዋርስ» የተሠራች አጭር ማስታወቂያ ለማየት ብቻ ለሌላ ፊልም ሙሉ ትኬት የገዙና ማስታወቂያዋ ስታልቅ ተነሥተው የወጡ ሰዎች ነበሩ። ሉካስ በ1997 የቀድሞዎቹን ፊልሞች በኮምፒዩተር አድሶ ሲያወጣ አድናቂዎች ተቆጡ፤ በ2017 «ዘ ላስት ጄዳይ» የታወቀውን ጀግና በሌላ መልክ ሲያቀርብም አድናቂው ለሁለት ተከፈለ። እንግዲህ ተስፋ የፈጠራ ጠላት ነውን?

መልሱን ከአምባሰል እንፈልግ። አምባሰል ከሐይቅ በስተ ሰሜን ያለ፣ በ1881 ዓ.ም. የታወቀው ውል የተፈረመባት ውጫሌ የምትገኝበት አገር ነው። ስሙም ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ለአንዱ ተሰጥቷል። አዝማሪ በአምባሰል ሲጫወት ሰሚው ዜማው በየት በየት መሄድ እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል። ከቅኝቱ ከወጣ ወዲያው ይታወቅበታል። ይህም የአድናቂ ተስፋ ነው፤ ጥብቅም ነው። ገንዘብም አለበት፤ ሰሚው ይሸልማል፤ «ተቀበል» ብሎም የራሱን ግጥም ያቀብላል። ሆኖም ከዚያው ከታወቀው ቅኝት ውስጥ በየምሽቱ አዲስ ግጥም ይወጣል፤ ሙገሳም ነቀፋም ይፈስሳል። ተስፋው የሚያስረው መልኩን ነው፤ ይዘቱን አይደለም። እንዲያውም መልኩ የታወቀ በመሆኑ ሰሚው ልቡን በሙሉ ለቃሉ ይሰጣል።

የተረት ነጋሪም ሲጨርስ አፉን በዳቦ እንዲያብሱለት በወጉ ይጠይቃል፤ እርሱም ዋጋ ነው። ስለዚህ ዋጋ መቀበልም፣ የሰሚን ልማድ ማክበርም ብቻቸውን ጥበብን አያበላሹም። ልዩነቱ ከርቀትና ከመጠን ላይ ነው። አዝማሪው የሰሚውን ፊት ያያል፤ አንዱ ግጥም ቢከሽፍበት በሌላው ይክሳል፤ የሚከስረው የአንድ አፍታ ነው። ታላቁ ኩባንያ ግን ሰሚውን የሚያየው በሽያጭ ቁጥር ነው፤ አንድ ክሽፈትም መቶ ሚሊዮኖችን ይበላል። በዚህ ምክንያት የተመልካቹን ተስፋ ከመልኩ አልፎ ይዘቱንም እንዲያስር ያደርገዋል። ከዚያም ተመልካቹ ለዓመታት በአንድ ዓይነት ምግብ ከተቀለበ በኋላ ሌላ አልበላም ቢል ይወቀሳል።

፭. ነገሩ በአገራችን

የአገራችን ሲኒማ ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ከዚህ ጠባይ አላመለጠም። በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው» ከቀረበ ጀምሮ ፊልም መሥራት ለረጅም ጊዜ ውድና ብርቅ ነበር። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የዲጂታል ካሜራ ዋጋውን ሲያወርደው ብዙ ፊልም ተሠራ። ወዲያው ግን በየፖስተሩ ላይ «የፍቅር ፊልም»፣ «አስቂኝ የፍቅር ፊልም»፣ «ልብ አንጠልጣይ» የሚሉ መለያዎች ተጻፉ። መለያው እንደ ቅኝት ነው፤ ተመልካቹ የሚገባበትን ይነግረዋል። አንዱ ሲሸጥ ሌላው ያንኑ ሲደግም ግን ቅኝቱ ቀርቶ ግጥሙም ይደገማል።

የሳይንስ ልብ ወለድን በተመለከተ ልንመለከተው የሚገባ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ክራምብስ»፣ ማለት ፍርፋሪ፣ ነው። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ሲሆን ፊልሙ በኢትዮጵያ በአማርኛ ተሠርቷል፤ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ተውነውበታል። ታሪኩ ሥልጣኔ ከፈረሰ በኋላ ነው። አንዲት የኅዋ መርከብ በሰማይ ላይ ዝም ብላ ተንጠልጥላለች፤ የላስቲክ መጫወቻና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ቅርስ ይከበራሉ። ሉካስን ያበለጸገው ዓይነት ሸቀጥ እዚህ የጠፋ ዓለም ንዋየ ቅድሳት መስሎ ይታያል። ሌላ ኩባንያ በኮምፒዩተር የሚፈጥረውን ባዕድ ምድር ይህ ፊልም ከዳሎል ጨውና ድኝ አገኘው። ሦስተኛው ነጥባችን፣ ምስክር ያልነው፣ ይህ ነው፤ ስፍራው እውነት ስለ ሆነ ድንቁ ይታመናል።

ይህ የድሃ መጽናኛ ብቻ እንዳይመስል አንድ ሌላ ምሳሌ እንጨምር። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው የጃፓን «ጎድዚላ ማይነስ ዋን» ከ15 ሚሊዮን ዶላር ባነሰ ገንዘብ ተሠራ፤ 610 የብልሃት ምስሎቹን ያዘጋጁት 35 ያህል ባለሙያዎች ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት የምስል ብልሃት ኦስካርን ከታላላቆቹ ነጥቆ ወሰደ። አውሬው እንደገና ምክንያት ነበረው፤ ከጦርነት በሕይወት የተመለሰ ሰው ጸጸት።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተባለው ሁሉ የምንደርስበት ይህ ነው። የምስል ብልሃት መሣሪያ ነው፤ የተመልካች ተስፋም እንደ ቅኝት ነው፤ ሁለቱም በራሳቸው ጥፋተኞች አይደሉም። ጥፋቱ የሚጀምረው የገንዘቡ መጠን ፍርሃትን ሲወልድና ፍርሃቱ ታሪኩን ሲያስር ነው።

ይህ ለእኛ የሩቅ ክርክር አይደለም። ዛሬ በሐይቅም በውጫሌም ያለ ወጣት በእጁ ባለው ስልክ ፊልም መቅረጽ ይችላል። የሚያደንቀው ታላቁን የኅዋ ፊልም ከሆነና ሥራውን በዚያ ፊልም ፍንዳታ ከለካው፣ ሳይጀምር ተሸንፏል፤ በገንዘብ የተሠራ ትርዒት በገንዘብ እንጂ በሌላ አይበለጥም። ፊልሙን በሌላ ጥያቄ ቢለካው ግን እኩል ይቆማል። ድንቁ የመጣው በምን ምክንያት ነው? ለተመልካቹ ምን ተተወለት? የሚመሰክርለትስ ምን አለ? ለተቺዎችና ለመምህራንም የምናሳስበው ይህንኑ ነው። የተማሪን ፊልም ስንመረምር ብልሃቱ ምን ያህል ውድ እንደ መሰለ ከመጠየቃችን በፊት ውሃው በማን ግፍ ምክንያት እንደ ፈሰሰ እንጠይቅ።