ሶላር ከመግዛታችን በፊት

ፀሐይ እህላችንን ታበስላለች፤ ያጨድነውን ታደርቃለች፤ ብርድ ሲመታን ታሞቀናለች። ዛሬ ደግሞ የማታ መብራት ትሰጠናለች። በጤና ኬላው ጣሪያ ላይ፣ በጎረቤት ቤት ቆርቆሮ ላይ፣ ከመንገድ ርቀው በሚሄዱ መኪናዎች አናት ላይ ሳይቀር ጠቆር ያለ፣ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ሰሌዳ እናያለን። ይህ የሶላር ሰሌዳ ነው።

ብዙዎቻችን ከኩራዝ መገላገል እንፈልጋለን። የኩራዝ ጭስ ዓይን ያቃጥላል፤ ደረት ያፍናል። ኩራዝ የወደቀ እንደሆነም የሣር ቤት ይነዳል። ስለዚህ በግ ሸጠን፣ ጤፍ ሸጠን ሶላር ልንገዛ ገበያ እንወጣለን። ታዲያ ነጋዴው «ይኸ 100 ዋት ነው» ሲለን እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ለእኛ ግን መጠርጠር ብቻ አይበቃንም። አሁን ማንበብና ማባዛት እንችላለን። ስለዚህ ራሳችን እንመርምር።

ሶላር እንዴት ይሠራል?

በሰሌዳው ውስጥ ሲሊከን ከሚባል ነገር የተሠሩ ስስ ቁራጮች አሉ። ብርሃን ሲያርፍባቸው ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። የሚፈልጉት የፀሐይን ብርሃን ነው እንጂ ሙቀቷን አይደለም። እንዲያውም በጣም ሲግሉ ኃይላቸው ይቀንሳል። እንዲህ ያለው የሲሊከን ቁራጭ በአሜሪካ አገር በ1954 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ታየ። በዚያ ዘመን ዋጋው አይቀመስም ነበር። ዛሬ ግን በጣም ረክሶ እኛም ዘንድ ደርሷል።

ሰሌዳው ብቻውን መብራት አይሆንም። የሚያስፈልጉት አራት ነገሮች ናቸው፦ ሰሌዳ፣ ባትሪ፣ ኮንትሮለር፣ እንዲሁም አምፑልና ሽቦ። በውሃ እንመስለው። ሰሌዳው ምንጭ ነው። ባትሪው ውሃ የምናጠራቅምበት እንስራ ነው። ኮንትሮለሩ ጠባቂ ነው፤ እንስራው ሞልቶ እንዳይፈስ፣ ወይም ጨርሶ እንዳይደርቅ ይጠብቃል። ሽቦው ውሃው የሚሄድበት ቦይ ነው።

ቮልት የሚባለው የኤሌክትሪኩ ግፊት ነው። አምፔር የሚባለው የሚፈሰው መጠን ነው። ሁለቱ ሲባዙ ዋት ይሆናል። ዋት ማለት ጉልበቱ ነው።

መጀመሪያ ስሌት

ገበያ ከመውጣታችን በፊት እቤታችን ቁጭ ብለን እናስላ። የሚያስፈልገን ምን ያህል ነው? የእያንዳንዱን ዕቃ ዋት በሚሠራበት ሰዓት እናባዛለን። የምናገኘው ቁጥር ዋት-ሰዓት ይባላል። አንድ ቤተሰብ በአንድ ቀን የሚፈልገው እንዲህ ነው እንበል፦

3 አምፑሎች፣ እያንዳንዳቸው 5 ዋት፣ ለ4 ሰዓት፦ 3 × 5 × 4 = 60
1 ሬዲዮ፣ 5 ዋት፣ ለ5 ሰዓት፦ 5 × 5 = 25
2 ሞባይል፣ ለእያንዳንዱ 10 ዋት-ሰዓት፦ 2 × 10 = 20
ድምር፦ 105 ዋት-ሰዓት

አሁን ሰሌዳውን እናስላ። በአገራችን በበጋ ሰሌዳ ቀኑን ሙሉ የሚሰጠው ኃይል፣ በሙሉ ጉልበቱ 5 ሰዓት ያህል እንደሠራ ይቆጠራል። ከዚህም ላይ ከ10 እጅ 3 እጁ ያህል በሽቦ፣ በባትሪ፣ በአቧራና በሙቀት ይባክናል። 30 ዋት ሰሌዳ ብንገዛ 30 × 5 = 150 ነው። የሚባክነው 45 ሲቀነስ 105 ይቀራል። ልክ የፈለግነው መጣ ማለት ነው።

ነገር ግን ክረምትስ? ደመናው ሲከብድ 5 ሰዓቱ ወደ 3 ሰዓት ቢወርድ፣ 30 ዋት አይበቃም። 50 ዋት ቢሆን ግን 50 × 3 = 150 ነው። ብክነቱ ሲቀነስ ያው 105 ይሆናል። ስለዚህ ለዚህ ቤተሰብ የሚሻለው 50 ዋት ነው። ከዚያ በላይ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከዚያ በታች መግዛት ደግሞ በሐምሌ ጨለማ መቀመጥ ነው።

ባትሪውም ይሰላል። 12 ቮልት፣ 40 አምፔር-ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ 12 × 40 = 480 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ሆኖም የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ የምንጠቀመው ግማሹን፣ 240ውን ብቻ ነው። ይህም ፀሐይ ባትወጣ ለ2 ቀን ያደርሰናል።

ጀርባውን እናንብብ

አሁን ገበያ ደረስን እንበል። ሰሌዳውን ገልብጠን ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እንመልከት። የተጻፈው በፈረንጅ ፊደል ነው። ይህ ግን አያስፈራን። ከሦስት ፊደሎች በላይ አያስፈልገንም፤ የእኛን ፊደል ይመስላሉ። «ሠ»ን የሚመስለው ፊደል ዋት ነው። ታቹ የሾለ «ሀ»ን የሚመስለው ቮልት ነው። ወገቡ ላይ መቀነት የታጠቀ «ለ»ን የሚመስለው አምፔር ነው።

አንደኛው ምርመራ ማባዛት ነው። 50 ዋት በሆነ ሰሌዳ ላይ 18 ቮልትና 2.8 አምፔር ያህል ተጽፎ እናገኛለን። 18 × 2.8 ወደ 50 ይጠጋል። ብዜቱ ከተጻፈው ዋት በጣም ካነሰ ወረቀቱ ሐሰተኛ ነው። 22 ቮልት ገደማ የሚል ሌላ ቁጥርም ሊኖር ይችላል። እሱ ሰሌዳው ምንም ሥራ ሳይዝ የሚያሳየው ግፊት ስለሆነ ለማባዛት አንጠቀምበትም።

ሁለተኛው ምርመራ መለካት ነው። ወረቀት ይዋሻል፤ ክንድ ግን አይዋሽም። በጠራ ቀን በ1 ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል 1000 ዋት ያህል ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለ ጥሩ ሰሌዳ ከዚህ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከ5 እጅ አንዱን፣ 200 ዋት ያህሉን ነው። እንግዲህ ርዝመቱ አንድ ክንድ፣ ወርዱም አንድ ክንድ የሆነ ሰሌዳ፣ ማለት ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር፣ ቢበዛ 50 ዋት ገደማ ቢሰጥ ነው። በዚህ መጠን ላይ «100 ዋት» ተብሎ ቢጻፍ ውሸት ነው። ተመስግነን እንሂድ።

ሦስተኛው ምርመራ በዓይን ማየት ነው። መስተዋቱ የተሰነጠቀ፣ ጠርዙ የተከፈተ፣ ውስጡ ውሃ የገባበት ሰሌዳ አንግዛ። ሰሌዳ በደንብ ከተያዘ ከ20 ዓመት በላይ ያገለግላል። ስለዚህ ገንዘብ ያጠረን እንደሆነ ያገለገለ ሰሌዳ ብንገዛ ጉዳት የለውም። ያገለገለ ባትሪ ግን አንግዛ። ውስጡ ምን ያህል እንደደከመ አይታይምና። የመኪና ሞተር የሚያስነሳ ባትሪም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ባንዴ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ እንጂ ሌሊቱን ጥቂት በጥቂት እንዲሰጥ አልተሠራም። ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ሳንቀበልም አንውጣ።

እንዴት እንትከለው?

1. ጥላ የሌለበት ቦታ እንምረጥ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በቀትር 6 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ቦታውን እናየዋለን። የዛፍ ጥላ በአንዱ ጥግ ብቻ ቢያርፍስ? የሰሌዳው ቁራጮች እንደተጠመዱ በሬዎች ተያይዘው ነው የሚሠሩት። አንዱ በሬ ሲተኛ ሌላው ይቆማል። ትንሽ ጥላ ብዙ ኃይል የሚያጠፋው ለዚህ ነው።

2. ሰሌዳውን ወደ ደቡብ እናዘንብል። ፊታችንን ወደ ፀሐይ መውጫ ስናዞር ቀኝ እጃችን ደቡብ ነው። በእኛ አገር ፀሐይ ወደ አናታችን ስለምትጠጋ ብዙ ማዘንበል አያስፈልግም። ርዝመቱ 1 ሜትር ከሆነ የላይኛውን ጠርዝ 25 ሳንቲሜትር ከፍ ማድረግ ይበቃል። እንዲህ ሲሆን ዝናቡም አቧራውን ያጥበዋል።

3. ቤቱ ቆርቆሮ ከሆነ በሰሌዳውና በቆርቆሮው መካከል ነፋስ የሚገባበት አንድ ጋት ክፍተት እንተው። ቤቱ ሣር ከሆነ ግን ጣሪያው ላይ አንትከል። ከቤቱ አጠገብ ጠንካራ ግንድ ቀብረን እዚያ ላይ እናስረው።

4. በምንሠራበት ጊዜ ሰሌዳውን በወፍራም ጨርቅ እንሸፍነው። አዎንታዊውን (+) ከአዎንታዊው፣ አሉታዊውን (−) ከአሉታዊው ጋር እናገናኝ። መጀመሪያ ባትሪውን ከኮንትሮለሩ፣ ቀጥሎ ሰሌዳውን፣ በመጨረሻ አምፑሎቹን። ስንነቅል በተቃራኒው ነው፤ ባትሪው መጨረሻ ይነቀላል።

5. ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ አጠገብ ፊውዝ ይግባ። ሽቦ ከሽቦ ቢነካካ ፊውዙ ይቃጠላል እንጂ ቤቱ አይቃጠልም። ፊውዝ ርካሽ ነው፤ ቤት ግን ውድ ነው።

6. ሽቦው አጭርና ወፍራም የመዳብ ሽቦ ይሁን። ቀጭን ሽቦ ጠባብ ቦይ ማለት ነው፤ ኃይሉ መንገድ ላይ ይቀራል።

7. ባትሪውን ነፋስ በሚገባበት፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ እናስቀምጥ። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ በእሳት ይፈነዳል። ኩራዝም ሲጋራም አይቅረበው። በውስጡ ያለው አሲድ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። የነካን እንደሆነ ወዲያው በብዙ ውሃ እንታጠብ።

በመኪናና በተሳቢ ላይ ሲሆን

ይኸው ዕውቀት ለመኪናና ለትራክተር ተሳቢም ይሠራል። ልዩነቱ መንቀጥቀጡ ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር አቅጣጫው ስለሚለዋወጥ ሰሌዳውን ጠፍጣፋ አድርገን እናስቀምጠዋለን። በገመድ አናስረው፤ በብሎን እንሰረው፤ ብሎኑ እንዳይላላ ከሥሩ ማጥበቂያ ቀለበት እናስገባ። ሽቦው በብረት ቀዳዳ በሚያልፍበት ቦታ ብረቱ እንዳይቆርጠው ጎማ እናልብሰው። የመብራቱ ባትሪ ሞተር ከሚያስነሳው ባትሪ የተለየ ይሁን። አለዚያ ማታ ሬዲዮ የሰማንበት መኪና ጠዋት አይነሣም። ከረባዳና ከኮረብታ መንገድ በኋላ ሁልጊዜ ብሎኖቹን እንመልከት።

ምን ይችላል? ምን አይችልም?

በ50 ዋት ሰሌዳ እንጀራ አይጋገርም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይፈልጋል። ይህ የ70 ሰሌዳ ጉልበት ነው። «ይህቺ ትንሽ ሰሌዳ ሁሉን ትሠራለች» የሚለንን አንመነው። መብራት፣ ሬዲዮና ሞባይል ግን በደንብ ትችላለች። ልጆች ማታ ያጠናሉ፤ እኛም የጀመርነውን ንባብ አንተውም።

እንክብካቤዋም ቀላል ነው። በበጋ በየሳምንቱ፣ ጠዋት ሳትግል፣ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ እንጥረጋት። አሸዋና አመድ መስተዋቱን ይፍቃሉ። ባትሪው ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ በየወሩ የባትሪ ውሃ እንጨምርለት፤ የወንዝ ውሃ አይሆንም። ያረጀ ባትሪ ሰብረን አንጣል። በውስጡ ያለው እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይ ልጆችን ይጎዳል። ለሚሰበስቡት ነጋዴዎች መሸጥ ይሻላል።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ከመግዛትም ስሌት ይቅደም። በጉ አንዴ ከተሸጠ አይመለስም። ጥቂት ደቂቃ የፈጀ ማባዛት ግን የብዙ ወር ድካማችንን ያድንልናል።

ጥያቄዎች

1. ሰሌዳ የሚፈልገው የፀሐይን ብርሃን ነው ወይስ ሙቀቷን?
2. በእናንተ ቤት በአንድ ቀን ስንት ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል? ጻፉና ደምሩ።
3. አንድ ሰሌዳ ርዝመቱ አንድ ክንድ፣ ወርዱ አንድ ክንድ ነው። ጀርባው ላይ «80 ዋት» ተጽፏል። ትገዙታላችሁን? ለምን?
4. ስንገጥም መጀመሪያ ከኮንትሮለሩ ጋር የሚገናኘው የትኛው ነው?