ከጦር ሰፈር ወደ ሲቪል ሥራ



አንድ ሰው ወታደር የሆነ እንደ ሆነ የሚነሣበትና የሚተኛበት ሰዓት ሳይቀር ይወሰንለታል። ደመወዙ፥ ቀለቡ፥ ልብሱና ሕክምናው ከመንግሥት ነው። ሲሰናበት ግን ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይቀርና የስንብት ወረቀቱን ይዞ ከአንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ይቆማል። ወረቀቱን ተቀብሎ የሚያነበው ደግሞ ምናልባት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ነገር የወታደሩ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእርስዎም ጉዳይ ነው።

በቀድሞ ዘመን ይህ ችግር እምብዛም አልነበረም። የክተት ነጋሪት ሲጐሰም አራሹ ስንቁን ጭኖ ይዘምት፥ ዘመቻው ሲያበቃም ወደ ሞፈርና ቀንበሩ ይመለስ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ከዘመተው ሕዝብ ብዙው የሄደውና የተመለሰው በዚህ ዐይነት ነው። ቋሚና ደመወዝተኛ ጦር ሲደራጅ፥ በ1927 ዓ.ም. የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ሲከፈት ግን ውትድርና ራሱን የቻለ ሙያ እየሆነ ሄደ። አንዱን ሙያ የሚተው ሰው ደግሞ ሌላ ሙያ ያስፈልገዋል። የችግሩ ሥር ይኸው ነው።

ይህን ችግር አስቀድሞ በሕግ ለማቃለል የተደረገውን ሙከራ እንመልከት። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1944 ዓ.ም.፥ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያበቃ፥ የተመላሽ ወታደሮች መቋቋሚያ ሕግ ወጣ። ሕጉ ለትምህርት የሚሆን ገንዘብ፥ ለቤትና ለንግድ ብድር የመንግሥት ዋስትና፥ ሥራ ላጣ ደግሞ በሳምንት 20 ዶላር እስከ 52 ሳምንት ድረስ እንዲሰጥ አዘዘ። በዚያን ጊዜ፥ «ያለ ሥራ የሚገኝ ገንዘብ ሰውን ሰነፍ ያደርጋል» ብለው የተቃወሙ ነበሩ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሥራ ላጡት ከተመደበው ገንዘብ ከአምስት እጅ አንዱ እንኳ ሳይወጣ ቀረ፤ እስከ 1956 ድረስ ግን 7.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በትምህርቱና በሥልጠናው ተጠቀሙ። ተመላሹ ወታደር መንገድ ካገኘ የሚሻው ሥራና ዕውቀት መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ሆኖም ያው ሕግ ለሁሉ እኩል አልሠራም። ሕጉ የቆዳ ቀለም ለይቶ ባይጽፍም፥ አፈጻጸሙ በየአካባቢው ሹማምንትና ባንኮች እጅ ስለ ነበረ፥ በተለይ በደቡቡ ክፍል ብዙ ጥቁር ወታደሮች ብድር ተከለከሉ፤ በጦሩ ውስጥ የተማሩት ሙያ እያላቸውም ወደ ተራ የጕልበት ሥራ ተመሩ። ሕግ መንገዱን ይጠርጋል፤ በሩን የሚከፍተው ወይም የሚዘጋው ግን ጠረጴዛው ዘንድ የተቀመጠው ሰው ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ዐዋጅ ከወጣ በኋላ፥ ሌላ ሙያ ሳይዙ ወደ ጦር ሜዳ የሄዱ ወጣቶች ብዙ ነበሩ። በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ያ ግዙፍ ሠራዊት ተበተነ፤ የደንብ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ በአዲስ አበባ መንገዶች እጃቸውን ለምጽዋት የዘረጉ ወታደሮች ታዩ። ወዲያው በሰኔ ወር የቀድሞውን ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተና 455,000 ያህል ወታደሮች ወደየኑሯቸው እንዲመለሱ ተደረገ። ወደ ገጠር የተመለሰው መሬትና ዘመድ ስላገኘ፥ ጎረቤቱም የማን ልጅ እንደ ሆነ ስለሚያውቅ፥ መቋቋሙ ቀለል አለው። ከባዱ የከተማው ነበር። በከተማ ሰው የሚታወቀው በአባቱ ስም ሳይሆን በምስክር ወረቀቱ ነውና።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንድ የስንቅ ክፍል ሐምሳ አለቃ እንውሰድ። ማመልከቻው ላይ፥ «በጦሩ ውስጥ ዐሥር ዓመት በሐምሳ አለቃነት አገልግያለሁ» ብሎ ቢጽፍ፥ ቃሉ እውነት ቢሆንም ለመዝገብ ቤት ጸሐፊው ምንም አይነግረውም። ነገር ግን፥ «ለብዙ መቶ ሰዎች የሚሆን ቀለብ እያሰላሁ፥ በሞዴል እየተረከብሁ፥ ገቢና ወጪውን በመዝገብ እየያዝሁ፥ ሳይጐድልብኝ አስረክቤአለሁ» ብሎ ቢጽፍ፥ ለንብረት ክፍል የሚፈለገው ሰው እርሱ መሆኑ ይታወቃል። የመገናኛው ወታደር ሬድዮ መጠገን ያውቃል፤ የከባድ መኪና ነጂው በጭቃና በገደል መንገድ ተፈትኗል፤ የሕክምና ረዳቱ በጥድፊያ መካከል ቁስል ማሰር ለምዷል። እንግዲህ የተመላሹ ፈንታ ዕውቀቱን በሲቪል ቋንቋ መግለጽ፥ የጐደለውን መማር፥ ከታዳጊም ቢሆን ለመማር አለማፈር ነው። በጦር ሰፈር ትእዛዝ ያለ ማብራሪያ ይፈጸማል፤ በመሥሪያ ቤት ግን ማስረዳትና መወያየት ያስፈልጋልና ይህንም መልመድ ይገባዋል።

የሹሙና የጸሐፊው ፈንታ ደግሞ፥ «ምን ነበርህ?» ብሎ ከማቆም «ምን ትሠራ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለወታደር አይሆንም ብሎ ከመመለስ በፊት በሥራ መፈተን ይቻላል። ክንዱን ወይም እግሩን ያጣውንም ሰው በጐደለው አካሉ ሳይሆን በቀረው ችሎታው መመዘን ይገባል። ይህ ሞገስ ማድረግ ሳይሆን የሚገባውን መስጠት ነው።

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ዕቅዱም በልዩ ልዩ ክልሎች ከ370,000 በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን የሚመለከት ነው። በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. በትግራይ የመጀመሪያዎቹ መሣሪያቸውን አስረክበው ወደ ተሐድሶ ማእከል ገቡ። ከማእከሉ የሚወጣው ሰው ቀጥሎ የሚያንኳኳው የመሥሪያ ቤትን በር ነው። በሩ ሳይከፈትለት ቢቀር፥ ያስረከበውን መሣሪያ መልሶ ሊያስብ ይችላልና ጕዳቱ ለእርሱ ብቻ አይሆንም።

ስለዚህ፥ ክቡር አንባቢ፥ ነገ ጠዋት አንድ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ የስንብት ወረቀቱን ቢያቀርብልዎ፥ «ነገ ተመለስ» ከማለትዎ በፊት ወንበር ይስጡትና ይሠራው የነበረውን ሥራ ይጠይቁት። ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ላጣሪው ነው፤ ሠሪውን ለይቶ ማወቅ ግን የእርስዎ ሥራ ነው።