ነባሩ ተመራጭ ለምን ያሸንፋል? ከኦስሎ የዕጩዎች ጉባኤ በስተጀርባ ያለው ስሌት

ለውጥ የሚሹ አባላት በርክተው የታዩበት ፓርቲ፣ የውስጥ ምርጫው ሲጠናቀቅ ያንኑ የቆየ ተመራጭ መልሶ ዕጩ አድርጎ ብቅ ይላል። ቤት ለቤት የዞሩት፣ በራሪ ወረቀት ያደሉት፣ ከኪሳቸው ያዋጡት አባላት «ተጭበረበርን» ይላሉ። የፓርቲው ሹማምንት ደግሞ «ድምፁ ተቆጥሯል፣ ውጤቱም ይኸው ነው» ብለው ይመልሳሉ። ብዙ ጊዜ ኮሮጆ የሰረቀ ሰው የለም፤ ቅሬታውም ቢሆን ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። ምክንያቱን ለማግኘት ድምፅ የሚደመርበትን መንገድ መመርመር ያስፈልጋል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ተመልካቾቻችን ይህን ጉዳይ በቅርበት ያውቁታል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2022 በቴክሳስ 28ኛው የምርጫ ክልል፣ ከ2005 ጀምሮ በኮንግረስ በቆዩት በዲሞክራቱ ሄንሪ ኩዌያር ላይ፣ ቀደም ሲል በቢሯቸው ተለማማጅ የነበሩት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጄሲካ ሲስኔሮስ ተነሡባቸው። በመጀመሪያው ዙር ማንም ከግማሽ በላይ ስላላገኘ ሁለቱ ወደ መለያ ዙር አለፉ። የወቅቱ አፈ ጉባኤ ናንሲ ፔሎሲ ከነባሩ ተመራጭ ጎን ቆሙ። ከ45,000 በላይ ድምፅ በተሰጠበት ውድድር፣ ድጋሚ ቆጠራ ተደርጎ፣ ኩዌያር በ289 ድምፅ ልዩነት አሸነፉ። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ኒው ዮርክ ላይ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ-ኮርቴዝ በ16,898 ድምፅ 12,880 ያገኙትን ጆሴፍ ክራውሊን ከወንበራቸው አነሡ። ወደ 700,000 የሚጠጋ ሕዝብ በሚኖርበት ክልል የወሰነው ከ30,000 ያነሰ ሰው ነው። ቁጥሩ ይህን ያህል ትንሽ ሲሆን፣ የስልክ ዝርዝርና የቆየ ድርጅት ያለው ሰው ብልጫ ይኖረዋል። ሆኖም በዚያው መጠን ለተገዳዳሪው በር ክፍት ነው።

ኦስሎ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። በኖርዌይ መራጩ ሕዝብ የሚሳተፍበት ቅድመ ምርጫ የለም። ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን የሚሰይሙት በዕጩዎች ጉባኤ ሲሆን፣ አሠራሩም የቆየ ነው። በ1920 የወጣው የዕጩዎች ሕግ ፓርቲዎችን አያስገድድም ነበር፤ በሕጉ መሠረት ጉባኤ ላካሄደ ፓርቲ ግን መንግሥት የተወካዮቹን የጉዞ ወጪ ይሸፍን ነበር። ያ ሕግ በ2002 በወጣው የምርጫ ሕግ ቢተካም ልማዱ ዛሬም አለ። በአብዛኞቹ ትልልቅ ፓርቲዎች የየአካባቢው ቅርንጫፍ ተወካዮቹን ይመርጣል፣ አንድ የዕጩ አቅራቢ ኮሚቴ ለወራት ተነጋግሮ ሙሉ ዝርዝር ያዘጋጃል፣ ተወካዮቹም ተሰብስበው በዝርዝሩ ላይ ድምፅ ይሰጣሉ።

ስሌቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። 9 ቅርንጫፎች ያሉት፣ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍም 9 አባላት ያሉበት ፓርቲ እናስብ፤ በድምሩ 81 ሰው ማለት ነው። በአምስቱ ቅርንጫፎች 5 አባላት ነባሩን፣ 4 አባላት አዲሱን ይደግፋሉ። በቀሪዎቹ አራት ቅርንጫፎች 9ኙም አዲሱን ይደግፋሉ። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በአብላጫ ወስኖ አንድ ተወካይ ቢልክ፣ በጉባኤው ነባሩ ተመራጭ 5 ለ 4 ያሸንፋል። ከታች ያሉትን አባላት ስንቆጥር ግን የነባሩ ደጋፊዎች 25፣ የአዲሱ ደጋፊዎች 56 ናቸው። ማንም አላጭበረበረም፤ እያንዳንዱ ደረጃ በአብላጫ ወስኗል። በምህንድስና ትምህርት ቤት ሁለት ማጣሪያ ያለፈ ምልክት ከመነሻው ምን ያህል እንደሚርቅ ስንሰላ እንውል ነበር፤ የአባላት ድምፅም በሁለት እርከን ሲጨመቅ እንዲሁ ይሆናል። በእርግጥ ይህ ጠርዝ ላይ ያለ ምሳሌ ነው። ቅርንጫፎች እንደ አባላታቸው ብዛት በርካታ ተወካይ ሲልኩ መዛባቱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ሁሉም የአንድ ቅርንጫፍ ተወካዮች አብላጫውን ተከትለው በአንድ ድምፅ የሚቆሙ ከሆነ መዛባቱ እንዳለ ይቀራል።

ሁለተኛው ምክንያት ከመጀመሪያው ይበልጥ ኃይለኛ ይመስለኛል። ዝርዝሩ አንድ ጥቅል ነው። ኮሚቴው ሴትና ወንድን፣ ወጣትና አዛውንትን፣ የከተማዋን ምሥራቅና ምዕራብ፣ የሠራተኛ ማኅበሩንና የወጣት ክንፉን አመጣጥኖ ይደረድራል። አንድ ተወካይ ተነሥቶ «ሦስተኛው ቦታ ላይ ያሉት ይውረዱ፣ በእርሳቸው ምትክ እገሌ ይግቡ» ቢል፣ ከሦስተኛ በታች ያለው ሁሉ ይናጋል። የአምስተኛውን ሰው የሚደግፉት ስለሚሰጉ፣ ሦስተኛውን ባይወዱትም ለኮሚቴው ሐሳብ እጃቸውን ያወጣሉ። የዕድር ሊቀመንበር ሲመረጥ የተገኘ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም፤ የነባሩ ስም መጀመሪያ ይጠራል፣ አንዱ ይደግፋል፣ ጭብጨባው ይከተላል፣ ሌላ ስም ለማንሣት የሚደፍር ሰው ነገር የሚያበላሽ ይመስላል።

ጥቅሉ ሁልጊዜ ነባሩን ብቻ ይጠብቃል ማለት ግን አይደለም። ከ2005 ጀምሮ ኦስሎን በፓርላማ የወከሉት የሠራተኛ ፓርቲው ያን ቦህለር፣ በስደተኞች ብዛት ከሚታወቀው የግሩሩድ ሸለቆ ጉዳይ ጋር ስማቸው የተያያዘ ፖለቲከኛ ነበሩ። በ2020 መኸር፣ የፓርቲያቸው የኦስሎ ዝርዝር ገና ሳይጸድቅ፣ ወደ ማዕከል ፓርቲ ተሻገሩ። በ2021 ምርጫ የዚያ ፓርቲ የኦስሎ ቀዳሚ ዕጩ ቢሆኑም ወንበር አላገኙም። በዚያው ምርጫ በሠራተኛ ፓርቲው በኩል ኦስሎን ወክለው ፓርላማ ከገቡት አንዷ፣ በስሪላንካ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ኖርዌይ የመጡት፣ የከተማዋ ምክትል ከንቲባ የነበሩት ካምዚ ጉናራትናም ናቸው። አንዱ የግሩሩድ ነዋሪ «ድምፃችን ተገፋ» ሲል፣ ሌላው «በመጨረሻ እኛን የሚመስል ሰው ገባ» ሊል ይችላል። የፓርቲው መሪ ዮናስ ጋር ስቶረ የያዙት የመጀመሪያው ቦታ ግን ለማንም ክርክር የቀረበ አልነበረም።

ታዲያ መራጩ ሕዝብ የጉባኤውን ውሳኔ ሊያርመው አይችልም? በ2021 ኦስሎ ከ169ኙ የፓርላማ ወንበሮች 20ዎቹ ነበሯት። በዚያ ምርጫ መራጩ በድምፅ መስጫው ላይ የዕጩዎችን ተራ መለወጥ ወይም ስም መሰረዝ ይችል ነበር፤ ለውጡ የሚቆጠረው ግን የዚያ ፓርቲ መራጮች ከግማሽ በላይ የሆኑት ያንኑ ለውጥ ካደረጉ ብቻ ነበር። አንድ ፓርቲ በከተማዋ 80,000 ድምፅ ቢያገኝ፣ ከ40,000 በላይ ሰዎች በየመጋረጃው ጀርባ ሆነው አንዱን ስም በአንድ ዓይነት መንገድ ማስተካከል ነበረባቸው። አብዛኛው መራጭ ወረቀቱን እንዳለ አጥፎ ስለሚከት፣ መብቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 መሠረት ከሌሎች የበለጠ ድምፅ ያገኘ ዕጩ ያሸንፋል፤ ስለዚህ በሀገር ቤት መራጩ ቢያንስ ለአንድ ሰው ስም ድምፁን ይሰጣል። በኖርዌይ ፓርላማ ምርጫ ግን የሚመረጠው ፓርቲው ነው፤ ሰዎቹን የመረጠው ያ ጉባኤ ነው።

የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ከዚህ ይለያል። እዚያ መራጩ ለወደደው ዕጩ የግል ድምፅ ይሰጣል፣ ከሌላ ፓርቲ ዝርዝር ጭምር ስም ሊጽፍ ይችላል፣ ይህም በእውነት ይቆጠራል። ፓርቲውም እጁን አላጣጠፈም። በ2023 ምርጫ በሥራ ላይ በነበረው ሕግ፣ 59 አባላት ባሉት የኦስሎ ምክር ቤት አንድ ፓርቲ እስከ 10 ዕጩዎችን ስማቸውን በደማቅ ፊደል አትሞ ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይችል ነበር። እያንዳንዳቸው ፓርቲው ካገኘው ድምፅ 25 በመቶ ጉርሻ ያገኛሉ። ፓርቲው 10,000 ድምፅ ቢያገኝ ጉርሻው 2,500 ነው። ያለ ጉርሻ የቀረበ ዕጩ ከእነርሱ አንዱን ለመቅደም፣ ከዚያ ሰው የግል ድምፅ ቢያንስ በ2,500 መብለጥ አለበት። ከባድ ነው፤ ሆኖም ጉርሻ የሌላቸው ዕጩዎች እርስ በርስ በሚፎካከሩበት በታችኛው የዝርዝሩ ክፍል በጥቂት መቶዎች የሚቆጠር የተቀናጀ ድምፅ ሰውን ከተራው አንሥቶ ወንበር ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል። ዮሐንስ ቤርግ እና ቱር ብዮርክሉንድ የተባሉት ተመራማሪዎች የስደተኛ ዝርያ ያላቸው ፖለቲከኞች በኖርዌይ በአካባቢ ምክር ቤቶች ሲሳካላቸው በፓርላማ ግን ወደ ኋላ እንደቀሩ ያሳዩት በዚህ ልዩነት ላይ ተመርኩዘው ጭምር ነው።

ተገፋን ያሉ አባላት ምን ያደርጋሉ? የምጣኔ ሀብት ሊቁ አልበርት ሂርሽማን በ1970 ባሳተመው መጽሐፉ መውጣትን፣ መናገርንና ታምኖ መቆየትን ለይቶ አስቀምጧል። በአሜሪካ ሁለት ፓርቲ ብቻ ስለሚገን መውጣት ውድ ነው፤ የሲስኔሮስ ደጋፊዎች ከኩዌያር ሌላ የሚመርጡት ሪፐብሊካኑን ነበር። በኖርዌይ ወንበር በድምፅ መጠን ስለሚከፋፈል መውጣት ይረክሳል። በ1961 በኔቶና በኑክሌር ጦር መሣሪያ ጉዳይ ከሠራተኛ ፓርቲው የተለዩ ሰዎች የሶሻሊስት ሕዝብ ፓርቲን መሠረቱ፤ በዚያው ዓመት ያገኙት 2 ወንበር ብቻ ነበር። ሠራተኛ ፓርቲው 74፣ ተቃዋሚዎቹ 74 ስለያዙ ሚዛኑ በሁለቱ ሰዎች እጅ ወደቀ። 21 ሠራተኞች ከሞቱበት ከኪንግስ ቤይ የማዕድን አደጋ በኋላ፣ በ1963 የኤይናር ጌርሃርድሰን መንግሥት የወደቀው ሁለቱ ከተቃዋሚዎች ጋር ድምፅ በመስጠታቸው ነው። ቦህለርም በ2020 የመረጡት ይህንኑ የመውጫ በር ነው፤ በኦስሎ ግን ዋጋውን መሸፈን አልቻሉም።

በኦስሎ ለሚኖሩ ተመልካቾቻችን አንድ ተግባራዊ ነገር እንጨምር። ለፓርላማ ለመምረጥ የኖርዌይ ዜግነት ያስፈልጋል፤ ኖርዌይ ከ2020 ጀምሮ ጥምር ዜግነት ብትፈቅድም ኢትዮጵያ ስለማትፈቅድ ብዙዎች እዚህ ላይ ይቆማሉ። ለከተማ ምክር ቤት ግን በሀገሪቱ 3 ዓመት በተከታታይ የኖረ የውጭ ዜጋ ይመርጣል፤ ይህ መብት ከ1983 ጀምሮ አለ። የሚቀጥለው የከተማ ምርጫ በ2027 ሴፕቴምበር ላይ ነው። ፓርቲዎች ዝርዝራቸውን የሚያስገቡት ከወራት በፊት፣ በጸደይ መግቢያ ላይ በመሆኑ፣ ቅርንጫፎች ተወካይ የሚመርጡበትና ጉባኤው ስሞችን የሚደረድርበት ጊዜ ከዚያ በፊት ያሉት የበረዶ ወራት ናቸው። በእነዚያ የምሽት ስብሰባዎች ላይ ብዙውን ጊዜ ክፍት ወንበር ይተርፋል።