214ኛው ልጅ፦ ደስቲን ዎልፍና የአጭር በረኛ ሒሳብ

ካናዳ ለትምህርት የመጣን ልጆች ስለ ሆኪ የምናውቀው ብዙም አይደለም። ጨዋታ ባለበት ማታ ባቡሩ ቀይ ማሊያ በለበሰ ሰው ይሞላል፤ በማግሥቱ ደግሞ ክፍል ውስጥ ወሬው ሁሉ እሱ ስለሆነ ዝም ብለን እንቀመጣለን። እኔ ካልጋሪ ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሆኪን የተማርኩት በበረኛው በኩል ነው። ከእግር ኳስ አገር ለመጣ ሰው ከሁሉም ቶሎ የሚገባው እሱ ነው፤ ጎል አለ፣ የሚመታ አለ፣ የሚያድን አለ። ስለዚህ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ በረኛ ነው፦ ስለ ካልጋሪ ፍሌምሱ ደስቲን ዎልፍ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።)

መጀመሪያ የሥራውን ልክ እንይ። የእግር ኳስ ጎል 7.32 ሜትር በ2.44 ሜትር ነው። የሆኪው 1.83 ሜትር በ1.22 ሜትር ብቻ ነው፤ በስፋት ስምንት ጊዜ ያህል ያንሳል። «ታዲያ ምን ይከብዳል?» ትሉ ይሆናል፤ እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ችግሩ የሚመታው ነገር ነው። ፓክ የሚባለው ጠንካራ ጥቁር የጎማ ክብ ሲሆን ዲያሜትሩ 7.62 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ156 እስከ 170 ግራም ነው። ጥሩ መቺ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ያበረዋል። በዚህ ፍጥነት ከ12 ሜትር ርቀት ከተመታ በረኛው ጋ ለመድረስ 0.3 ሰከንድ እንኳን አይሞላም። የሰው ዓይን አይቶ እጅ እስኪንቀሳቀስ ደግሞ ወደ 0.2 ሰከንድ ይሄዳል። የቀረው ኢምንት ነው። ስለዚህ የሆኪ በረኛ ፓኩን እያየ አያድንም ማለት ይቻላል፤ ከመመታቱ በፊት ትክክለኛው ቦታ ላይ መገኘት አለበት።

ቁመት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። መቺው ካለበት ቦታ ወደ ሁለቱ ቋሚዎች ሁለት ክር ዘርጉ እንበል። በረኛው ከጎሉ ወደ መቺው በተጠጋ ቁጥር በሁለቱ ክሮች መካከል ያለው ክፍተት እየጠበበ ይመጣል፤ ሰውነቱ የሚሸፍነውም ይበዛል። ረጅሙ በረኛ ብዙ ሳይወጣ፣ ጎሉ አፍ ላይ ቆሞ ያንኑ ያህል ይሸፍናል። አጭሩ ግን አንድ እርምጃ፣ አንዳንዴም ሁለት፣ መውጣት አለበት። መውጣቱ ራሱ ክፋት የለውም፤ ክፋቱ ፓኩ ለሌላ ተጫዋች ወደ ጎን ሲቀበል ነው። ወደፊት የወጣው በረኛ የሚመለስበት መንገድ ረጅም ነው። ረጅሙ ጓደኛው በአንድ ግፊት የሚደርስበት ቦታ ለመድረስ እሱ ይበልጥ መፍጠን አለበት ማለት ነው። መከላከያውን አግዝፎ ማካካስም አይቻልም፤ የእግሩ መከላከያ ስፋት ከ28 ሴንቲ ሜትር እንዳያልፍ ሕጉ ይከለክላል፣ ርዝመቱም በበረኛው ሰውነት ልክ ነው የሚሠራው።

ኤንኤችኤል በሚባለው ትልቁ ሊግ ውስጥ ያሉ በረኞች አብዛኞቹ 190 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ናቸው። ዎልፍ 183 ነው። በእኛ ቤት 183 የሆነ ልጅ «ቀውላላ» ነው የሚባለው፤ እዚያ ግን ድንክ ያስብላል።

ዎልፍ የተወለደው በ2001 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በነጭ ሽንኩርቷ በምትታወቀው ጊልሮይ ከተማ ነው። ልጅነቱን እዚያው ካሊፎርኒያ ተጫውቶ በ2017 ወደ ሰሜን፣ ዋሽንግተን ግዛት ወዳለው ኤቨሬት ሲልቨርቲፕስ ሄደ። የወጣቶች ቡድን ነው። በሁለተኛው ዓመት ዋናው በረኛ ሆነ፤ በዚያ ዓመትም በቀጣዩም ከተመቱበት ኳሶች ከ93 በመቶ በላይ አዳነ። (ፓክ ነው እንጂ ኳስ አይደለም፤ አፌ ግን አልለመደም።) በወጣቶች ሊግ ይህ እጅግ ከፍተኛ ቁጥር ነው።

በ2019 የኤንኤችኤል ቡድኖች ወጣት ተጫዋቾችን የሚመርጡበት ቀን ደረሰ። በጠቅላላው 217 ልጆች ተመረጡ። በዚያው ዓመት ስፔንሰር ናይት የሚባለውን፣ ከዎልፍ በጥቂት ቀናት ብቻ የሚያንሰውን ረዘም ያለ በረኛ ፍሎሪዳ 13ኛ አድርጎ ወሰደው። ዎልፍን ካልጋሪ 214ኛ አድርጎ ወሰደው። ከመጨረሻው አራተኛ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ቡድን ቁጥሩን አይቶ ነበር፤ ግን ሁሉም ደጋግመው አለፉት። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም።

በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት የምዕራብ ካናዳ ወጣቶች ሊግ ምርጥ በረኛ ተብሎ ሁለቴ ተሸለመ፤ በ2020 ደግሞ የመላው የካናዳ ወጣት ሊጎች ምርጥ በረኛ ሆነ። ከዚያ በ2021 ወደ ኤኤችኤል ወጣ። ኤኤችኤል ከትልቁ ሊግ አንድ ደረጃ በታች ያለ፣ እያንዳንዱ ቡድን ወጣቶቹን የሚያበስልበት ሊግ ነው። የካልጋሪው ያኔ ካሊፎርኒያ ውስጥ ስቶክተን ነበር፤ በ2022 ወደ ካልጋሪ መጥቶ ራንግለርስ ተባለና ከትልቁ ቡድን ጋር አንድ ሕንፃ፣ ሳድልዶም ውስጥ መጫወት ጀመረ። እዚያም ዎልፍ በሁለት ተከታታይ ዓመታት የሊጉ ምርጥ በረኛ ሆነ። በ2023 ደግሞ በረኛ ብቻ ሳይሆን የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

ይሄ ሁሉ ሽልማት እያለም በትልቁ ቡድን የተጫወተው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር፦ ኤፕሪል 12 ቀን 2023፣ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ፣ ሳን ሆዜን 3 ለ 1 አሸነፉ። ከፊቱ ያኮብ ማርክስትሮም የሚባል ረጅምና ልምድ ያለው ስዊድናዊ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ዎልፍ ላይና ታች እየተመላለሰ በትልቁ ሊግ 17 ጨዋታ ገባ፤ ያዳነው 89.3 በመቶ ነበር። ያኔ ብዙ ሰው «አላልኳችሁም?» አለ። ለታችኛው ሊግ የሚበቃ፣ ለትልቁ የሚያጥር ልጅ መሰለ።

በ2024 ክረምት ማርክስትሮም ወደ ኒው ጀርሲ ተሸጠ፤ ቦታው ተከፈተ። ዎልፍ 23 ዓመቱ ነበር። በ2024-25 በ53 ጨዋታ ተሰልፎ 29 አሸነፈ፣ የማዳን መጠኑም 91 በመቶ ሆነ። ከ89.3 እስከ 91 ምን ለውጥ አለው የምትሉ ካላችሁ አብረን እናስላ። በአንድ ጨዋታ 28 ምት ቢመጣበት ልዩነቱ ግማሽ ጎል ያህል ነው። በ53 ጨዋታ ወደ 25 ጎል ይደርሳል። ፍሌምስ በዚያ ዓመት ጥቂት ጎል ከሚያገቡት ቡድኖች አንዱ ስለነበር፣ ያ 25 ጎል ቡድኑን እስከ መጨረሻው ሳምንት በውድድር ውስጥ ያቆየው ነው። ከሴንት ሉዊስ ጋር እኩል 96 ነጥብ አግኝተው፣ በመለያው ሕግ ተበልጠው ነው ወደ ጥሎ ማለፉ ሳይገቡ የቀሩት። ለጀማሪ ተጫዋች በሚሰጠው የካልደር ሽልማት ዎልፍ ከሞንትሪያሉ ሌን ሃትሰን ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ። በሴፕቴምበር 2025 የሰባት ዓመት፣ 52.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፤ ከ2026-27 የሚጀምር ነው።

ጥንካሬው እግሩ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። አድናቂዎቹ የሚያወሩት ስለ እጁ ነው፤ ቪዲዮውም የሚያሳየው በጓንቱ ሲቀልብ ነው፤ ግን ያ የመጨረሻው ክፍል ነው። ከዚያ በፊት አንዱን ስኬት አዙሮ በሌላው ገፍቶ፣ ትከሻው ሳይወዛወዝ ከአንዱ ቋሚ ወደ ሌላው ይደርሳል። ቅድም ያልነውን ረጅም የመመለሻ መንገድ የሚያሳጥረው ይሄ ነው። ሁለተኛው ንባቡ ነው። ፓኩን የያዘውን ብቻ ሳይሆን ሊቀበል የሚችለውን ቀድሞ ያያል፤ ስለዚህ የሚነሳው ከሌላው በረኛ ቀደም ብሎ ነው። ሦስተኛው እርጋታው ነው። ጎል ሲገባበት ውኃ ይጠጣል፣ ጭምብሉን ይመልሳል፣ ይቀጥላል። ለበረኛ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የእኛ አገር ደጋፊ ቢሆን ኖሮ «ምን ቸገረው!» ብሎ ይሰድበው ነበር።

ድክመቱም አለ፤ ውሉ ሲፈረም አልጠፋም። የዘመኑ በረኛ ሁሉ በ«ቢራቢሮ» ነው የሚጫወተው፤ ሁለት ጉልበቱን በረዶው ላይ አሳርፎ እግሮቹን ወደ ጎንና ጎን እንደ ክንፍ ይዘረጋል። አብዛኛው ምት ዝቅ ብሎ ስለሚመጣ ታችኛውን ክፍል ይዘጋል። ሲንበረከክ ግን የረጅሙ በረኛ ትከሻ አግዳሚው ጋ ሊደርስ ምንም አይቀረው፤ የዎልፍ ትከሻ ላይ ግን ክፍተት ይቀራል። ጥሩ መቺዎች ያንን ያውቁታል። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ግርዶሹ ነው። ተጋጣሚ አንድ ግዙፍ ሰው በረኛው ፊት ያቆማል፤ ሌላው ከሩቅ፣ ከሰማያዊው መስመር ይመታል። ርቀቱ 19.5 ሜትር ስለሆነ ግማሽ ሰከንድ ያህል ጊዜ አለ፤ ካየ ያድናል። ረጅሙ በትከሻ ላይ ያያል። ዎልፍ ግን በብብት ሥር፣ በጎን፣ አንገቱን እያሰገገ ነው የሚፈልገው፤ ዘግይቶ ካገኘው ወይ ይገባል፣ ወይ ነክቶት ተመልሶ ለተጋጣሚ ይወድቃል።

ይህን ሁሉ የቆጠርኩት ሥራ ፈትቼ አይደለም። የአክስቴ ልጅ 13 ዓመቱ ነው፣ እዚሁ ካልጋሪ በረኛ ነው። ባለፈው መስከረም አንድ አሰልጣኝ «ጎበዝ ነው፣ ግን ያጥራል» ብሎ ከአንደኛው ቡድን ወደ ሦስተኛው አወረደው። አክስቴ የሌሊት ፈረቃ እየሠራች ነው የምትከፍለው፤ የበረኛ ዕቃ ከሌላው ተጫዋች በብዙ ይወደዳል፣ ልጁ ባደገ ቁጥርም ይቀየራል። «አንተ የተማርክ ነህ፣ ይተወው ወይስ ይቀጥል?» አለችኝ። ዎልፍ ስለተሳካለት ለእሱም ይሳካለታል ብዬ ልነግራት አልቻልኩም፤ ውሸት ነው። በዎልፍ ቁመት ያሉ ዋና በረኞች በትልቁ ሊግ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከእሱም የሚያጥረው የናሽቪሉ ዩሴ ሳሮስ በ180 ሴንቲ ሜትር አለ፣ ከዚያ ወዲያ ስም መጥራት ያስቸግራል። የነገርኳት ሌላ ነው፦ የ13 ዓመት ልጅ ቁመት ገና አልታወቀም፤ በረኛ ደግሞ ዘግይቶ የሚበስል ሥራ ነው። ዎልፍ ከተመረጠ በኋላ ቋሚ ቦታ እስኪያገኝ አምስት ዓመት ፈጅቶበታል። እስከዚያ ልጁ ሊያሻሽለው የሚችለው ቁመቱን ሳይሆን አገፋፉን ነው። አክስቴ ጥቂት ዝም አለችና «እሺ፣ እስከ ፋሲካ እናያለን» አለች። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በስኬት ብቻ፣ ያለ ፓክ፣ ከቋሚ ወደ ቋሚ ይገፋል። እኔ ሰዓት እይዝለታለሁ፤ አስተያየቱን ግን ለራሴ አስቀምጣለሁ፣ ስኬት ላይ መቆም ራሱ ያቅተኛልና።

ፍሌምስ ሲጫወት ለማየት ዕድሉ ካላችሁ (ቲኬቱ ውድ ነው፤ ቴሌቪዥን ያለው የጓደኛ ቤት ይበቃል)፣ ፓኩን ለአምስት ደቂቃ ተዉትና በረኛውን ብቻ ተመልከቱ። በተለይ ፓኩ ከጎሉ ኋላ ሲሄድ። ዎልፍ አንድ ጉልበቱን አጥፎ ከቋሚው ጋር ይለጠፋል፤ ያን ጊዜ በትከሻውና በአግዳሚው መካከል፣ ቋሚው ጥግ፣ የጡጫ ያህል ቀዳዳ ትቀራለች። ያቺን ቀዳዳ ለመዝጋት ጭንቅላቱን ወደ ቋሚው ሲያዘነብል ታያላችሁ። መቺው ያቺን ካላገኘና ወደ መሃል ካቀበለ ደግሞ ቀጣዩን ግፊት ተመልከቱ፤ የትኛው እግር ቀድሞ እንደሚነሳ።