ጣሪያ ነፋስን እንጂ ከፍታን አይከለክልም

ወዳጆቼ፣ ስለ ቤት ውስጥ ቴኒስ ላጫውታችሁ። ነገሩ ከስቶክሆልም ይጀምርና መንዝ ድረስ ይወስደናል።

በስዊድን ዋና ከተማ በየዓመቱ፣ ብዙ ጊዜ በጥቅምት፣ ስቶክሆልም ኦፕን የሚባል የወንዶች ፕሮፌሽናል ውድድር ይካሄዳል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን፣ የሚደረገው በ1943 በተከፈተው ንጉሣዊ የቴኒስ አዳራሽ ውስጥ፣ ጠንካራ ወለል ባለው ሜዳ ላይ ነው። በ2016 እዚያ የሆነው ነገር ለእኛም ቅርብ ነው። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ስዊድን ውስጥ የተወለዱት ወንድማማቾች፣ ኤልያስና ሚካኤል ይመር፣ የጥንዱን ዋንጫ አነሡ። ያኔ ኤልያስ የ20፣ ሚካኤል የ18 ዓመት ወጣቶች ነበሩ። በፍጻሜው ማቴ ፓቪችንና ማይክል ቪነስን 6ለ1፣ 6ለ1 ረቷቸው። ተሸናፊዎቹ እንዲህ በዋዛ የሚረቱ አልነበሩም፤ ቪነስ በቀጣዩ ዓመት ሮላን ጋሮስ የሚባለውን የፈረንሳይ ታላቅ ውድድር በጥንድ አሸንፏል፣ ፓቪችም በ2018 በጥንድ የዓለም ቁጥር አንድ ሆኗል።

ለመሆኑ ጣሪያ ሲኖር ጨዋታው ምኑ ይለወጣል? ሰርቭ የሚባለውን የመክፈቻ ምት የሚመታውን ተጫዋች ልብ ብላችሁ እዩት። ኳሷን ከራሱ በላይ ሽቅብ ይወረውራታል፣ እጁን ዘርግቶ ጫፍ ላይ ስትደርስ ይመታታል። ደጅ ቢሆን ነፋስ ትንሽ ገፋ ያደርጋታል፣ ፀሐይም ዓይኑን ይወጋዋል። አዳራሽ ውስጥ ግን ሁለቱም የሉም፤ ኳሷን ሁልጊዜ የለመደው ቦታ ላይ ያገኛታል። ለዚህ ነው በሰርቭ የበረታ ሰው ቤት ውስጥ የሚቀናው። ወለሉም የራሱ ድርሻ አለው፦ በሚቀባው ቀለም ውስጥ አሸዋ ይደባለቃል፤ አሸዋው ሻካራ በሆነ ቁጥር ኳሷን ይዞ ያዘገያታል፣ በለሰለሰ ቁጥር ደግሞ እያንሸራተተ ያፈጥናታል።

አሁን ያንኑ አዳራሽ መሃል ሜዳ በምትባለው የመንዝ ከተማ እንትከለው። የመንዝን ነፋስና ቁር የሚያውቅ ሰው ጣሪያው ምን ያህል እንደሚጠቅም አይጠፋውም። ነገር ግን መሃል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። የመንዝ እናቶች ይህን በምድጃቸው ያውቁታል፦ ውኃው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላና የባቄላው ንፍሮ ቶሎ አልበስል ይላል። ግድግዳና ጣሪያ ይህን የሳሳ አየር አያወፍሩትም።

ኳሷ ላይ ሁለት ነገር ይደርሳል። አንደኛ፣ የሚገታት አየር ስለሚያንስ ፈጥና ትሄዳለች። ተጫዋቹ አሽከርክሮ ቢመታትም እንደ ቆላው ቶሎ አትጎብጥለትም፤ ስለዚህ ከመስመር አልፋ ትወጣለች። ሁለተኛ፣ በውስጧ የታመቀው አየር እንዳለ ሆኖ የውጪው ግፊት ስለሚቀንስ፣ ትወጠርና ከፍ ብላ ትነጥራለች።

የቴኒስ ሕግም ለዚህ መፍትሔ አበጅቷል። ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ ዝቅ ብለው የሚነጥሩ ልዩ ኳሶች ተፈቅደዋል። የታመቀ አየር የሌላቸው ኳሶችም አሉ፤ እነርሱ ግን ለ60 ቀን ያህል በዚያው ከፍታ ተቀምጠው አየሩን መልመድ አለባቸው። እንግዲህ መንዝ ብቻ ሳይሆን አዲስ አበባና ደብረ ብርሃንም በዚህ ሕግ ሥር ይወድቃሉ። በደጋችን ቴኒስን ለልጆች ለማስተማር የሚነሣ ሁሉ፣ ከራኬቱ እኩል ለኳሱ ዓይነት ሊጨነቅ ይገባል፤ አለዚያ ልጁ በትክክል የመታው ኳስ ውጪ እያረፈ፣ ጥፋቱ የእጁ ይመስለዋል።

ማረጋገጥ ለምትፈልጉ ፈተናው ቀላል ነው። ገና የተከፈተ ተራ የቴኒስ ኳስ ከ254 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ልቀቁት። በባሕር ወለል ደረጃ ከ135 እስከ 147 ሳንቲ ሜትር እንዲነጥር ተደርጎ የተሠራ ነው። ደጋ ላይ ስንት እንደሚደርስ ሜትር ይዛችሁ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ።