ከዝክሩ ማግስት

ልጅ ሆኖ ከእናቱ ነጠላ ጫፍ የተፈታች ሳንቲም በደጀ ሰላም ለተቀመጡ ነዳያን ያላቀበለ የአገራችን ክርስቲያን ጥቂት ነው። በወር በወሩ ጻድቁን ወይም መልአኩን እንዘክራለን፤ ሰንበቴ እንጠጣለን፤ ለሞተ ዘመድ በአርባው ተዝካር እናወጣለን። ከዚህ ሁሉ ለተቸገረ ሰው ይተርፈዋል። ሁልጊዜ ሳይመለስ የሚቀረው የማግስቱ ነገር ነው። ዛሬ በተዝካሩ የጠገበ ሰው ነገ የት ያድራል? ሲታመምስ ማን ያስታምመዋል?

የክብር ዶክተር አበበች ጎበና ይህ ጥያቄ የገጠማቸው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ በሄዱበት ጊዜ ነው። አገሩን ረሃብ መትቶት ነበር። የያዙትን ዳቦና ጠበል ለተራቡት አካፈሉ፤ ከሞተች እናቷ አጠገብ ያገኟትን ሕፃንና ሌላ ወላጅ አልባ ልጅ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። እስከዚህ ያለውን ሌላም ደግ ተሳላሚ ያደርገው ይሆናል። እሳቸው ግን አላቆሙም። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ደረሱ፤ ባለቤታቸው ከትዳሩና ከልጆቹ አንዱን እንዲመርጡ ቢጠይቋቸው ልጆቹን መረጡ። የሞቀ ቤታቸውን ትተው በደሳሳ ጎጆ እንጀራና ጠጅ እየሸጡ አሳደጓቸው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ሲያርፉ በስማቸው የሚጠራው ድርጅት ብዙ ሺህ ሕፃናትን ደግፎ ነበር።

መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልም የተነሣው ከዚያው እምነት ነው። ስሙ የተወሰደው ከሐዋርያት ሥራ ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስ መጥቶ እንዲረዳቸው አንድ የመቄዶንያ ሰው ሲለምነው በራእይ ካየበት ምዕራፍ። መሥራቹ ቢንያም በለጠ በጥቂት ሰዎች የጀመሩት ሥራ ዛሬ ከጎዳና የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይጦራል። ብዙዎቹ ራሳቸውን ችለው አይንቀሳቀሱም። ገላቸውን ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ዳይፐር መለወጥ፣ መድኃኒት ማስዋጥ፣ ሌሊት ሲጮኹ ተነሥቶ ማባበል የየዕለት ሥራ ነው። በማቴዎስ ወንጌል 25ኛው ምዕራፍ ጌታ የታመመውን መጠየቅ ለእሱ እንደተደረገ ይቆጥረዋል። ለእኔ ከየትኛውም ስብከት ይልቅ ያንን ምዕራፍ የሚተረጉሙት የእነዚህ ተንከባካቢዎች እጆች ናቸው።

አሁን አሁን ሠርጉን፣ ልደቱን፣ ተዝካሩን ወደ ማዕከሉ የሚወስድ ሰው በዝቷል። የዝክሩ ልማድ አድራሻ ቀየረ እንጂ አልጠፋም፤ መልካም ነው። ግን እዚህም የማግስቱ ችግር ተከትሎናል። ለበዓል በሬ ይዞ የሚመጣው ብዙ ነው፤ (ካሜራ የሚይዘውም አይጠፋም)። በሐምሌ ዝናብ፣ በተራ ማክሰኞ፣ ሳሙናና ዳይፐር ሲያልቅ ግን የሚደርሰው ጥቂት ነው። በዓል ለጋሽ ያደርገናል፤ በሽተኛ ግን በዓል ጠብቆ አይርበውም።

የመንግሥትንም ድርሻ ማለፍ አይገባም። ለረጅም ዓመታት የአእምሮ ሕክምና ሸክም በአመዛኙ አማኑኤል ሆስፒታል ላይ ወድቆ ኖሯል። ቤተሰብ አቅም ሲያጣ ሕመምተኛው መንገድ ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ የሚያነሣው የአንድ ሰው ርኅራኄ ከሆነ፣ ያ ሰው ሲደክም ወይም ሲሞት ምን ይሆናል? ስለዚህ የምእመናን ደግነት የመንግሥት ማምለጫ መሆን የለበትም።

ወደ ራሳችን ስንመለስ ደግሞ የምናፍርበት አለ። ሕንጻ ቤተ ክርስቲያን ለማሠራት ኮሚቴ እናቋቁማለን፣ ደረሰኝ እናሳትማለን፣ አሜሪካና ዓረብ አገር ያሉ ልጆቻችንን እንለምናለን፤ ዓመታት ቢፈጅም ጉልላቱ ሳይቆም አንተኛም። በዚያው ደብር ደጅ ብርድ የሚመታቸው አሮጊት ግን ኮሚቴ የላቸውም። ይህን የሚያክል የማስተባበር ችሎታ ያለው ሰበካ ጉባኤ ለደጁ ነዳያን አንድ መጠለያ ማቋቋም አያቅተውም፤ የጎደለው ፈቃድ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ዝክርህ ከድግሱ ወጪ ግማሹን ለይተህ፣ ለዓመት በየወሩ የሚከፈል መዋጮ አድርገው። ገንዘብ ከሌለህ በወር አንድ ቀን ሄደህ አረጋዊ እጠብ።