ቫይታሚን ዲ፦ ከጉና ሰማይ እስከ ሕፃን አጥንት

ኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ራሷን ለጎብኚዎች ስታስተዋውቅ የኖረችው «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» በሚል መፈክር ነው። መፈክሩ በውጭ ቋንቋ ሲጻፍ ደግሞ ፀጋው ሌላ ሳይሆን ፀሐይ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር የፀሐይ ብርሃን በማነስ የሚመጣ በሽታ ይገኛል ቢባል ማን ያምናል? ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1997 ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናት ይህንኑ እንድናምን ያስገድደናል። ተመራማሪዎቹ በአዲስ አበባ የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል በሳንባ ምች የታመሙ 500 ሕፃናትን፣ ለማነጻጸሪያም የሳንባ ምች የሌለባቸው ሌሎች 500 ሕፃናትን መርምረዋል። ከታመሙት መካከል 210ሩ ሪኬትስ የተባለው የአጥንት መልፈስፈስ በሽታ ተገኘባቸው። ካልታመሙት ግን 20ዎቹ ብቻ ናቸው የተገኘባቸው። 42 በመቶና 4 በመቶ ማለት ነው። የደረት አጥንቱ የለሰለሰ ሕፃን በኃይል መተንፈስና አክታውን መግፋት ያቅተዋል፤ በመሆኑም ሪኬትስ እግርን የሚያጣምም ጉድለት ብቻ ሳይሆን ሕይወትንም የሚያሰጋ ነገር ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ሌላ አስገራሚ ውጤት ታተመ። የኢትዮጵያውያንና የኖርዌይ ሰዎች ደም ተነጻጽሮ የቫይታሚን ዲ መጠን ዝቅ ብሎ የተገኘው በኢትዮጵያውያኑ ላይ ነበር። በኦስሎ ከተማ በታኅሣሥ ወር በእኩለ ቀን ፀሐይ ከአድማስ በላይ ከ7 ዲግሪ አትዘልም፤ በጋይንት በዚያው ዕለት 55 ዲግሪ ገደማ ትወጣለች። ታዲያ ምን ሆነ? የኖርዌይ ሰዎች የዓሣ ጉበት ዘይት በማንኪያ እየተጎነጩ ማደጋቸው መልሱን በከፊል ይሰጣል። የቀረውን መልስ ግን በራሳችን ሰማይ፣ ቤትና ልብስ ውስጥ መፈለግ ይኖርብናል። በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ማለትም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምድር ላይ ቆመን እንመለከተዋለን። እኛ የፊዚክስ ሰዎች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም፤ ነገር ግን የዚህ ታሪክ የመጀመሪያው ምዕራፍ ፊዚክስ ነው።

ከቆዳችን ሥር ከኮሌስትሮል ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው አንድ ሞለኪውል ይገኛል። ሞለኪውሉ አራት ቀለበቶች ያሉት ሲሆን ወደ ቫይታሚን ዲ ለመለወጥ ከቀለበቶቹ አንዱ መከፈት አለበት። ቀለበቱን የሚከፍተው የሞገድ ርዝመቱ ከ290 እስከ 315 ናኖ ሜትር የሆነ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ አንባቢያችን የፎቶኑን ጉልበት በቀላሉ ያሰላል፦ 1240ን ለ300 ስናካፍል 4.1 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ እናገኛለን። አረንጓዴ ብርሃን ያለው ፎቶን 2.3 ያህል ብቻ ይይዛል። ከምድጃ የሚወጣው የሙቀት ጨረር ደግሞ ከአንድ ኤሌክትሮን ቮልት በታች ነው። እዚህ ላይ የፎቶ ኤሌክትሪክ ክስተትን ማስታወስ ይጠቅማል። ደካማ ፎቶኖች ቢበዙ ቢበዙ አንዱ ጠንካራ ፎቶን የሚሠራውን አይሠሩም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ እሳት ዳር የሚሞቅ ሰው ላብ ያወጣ እንደሆነ እንጂ አንዲት የቫይታሚን ዲ ሞለኪውል አያገኝም። በመስኮት መስታወት ጀርባ ተቀምጦ ፀሐይ የሚሞቅ ሰውም ዕድሉ ያው ነው፤ ተራ መስታወት ሙቀቱንና ብርሃኑን እያሳለፈ ተፈላጊውን ጨረር ያስቀረዋል።

ቀለበቱ ከተከፈተ በኋላ የሚቀረውን የሰውነት ሙቀት ራሱ ይጨርሰዋል። ከዚያም ቫይታሚኑ በደም ተጉዞ መጀመሪያ በጉበት፣ ቀጥሎም በኩላሊት ተለውጦ ለሥራ ይዘጋጃል። ሥራውም በዋናነት አንጀት ከምግብ ውስጥ ካልሲየምንና ፎስፎረስን እንዲቀበል ማድረግ ነው። እነዚህ ካልገቡ አጥንት በማገሩ ብቻ ቆሞ ጭቃ እንዳልተመረገ ግድግዳ ይሆናል።

አሁን ወደ ሰማዩ እንመለስ። ይህን ጨረር ከሁሉ በላይ የሚውጠው ኦዞን ነው። በምድራችን ላይ ያለው ኦዞን ሁሉ በባሕር ወለል ግፊት ቢጠራቀም ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በሞቃታማው ቀበቶ ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ስስ ቢሆንም ጨረሩ የሚያቋርጠው መንገድ በረዘመ ቁጥር የሚተርፈው በብዜት ይቀንሳል። ለምሳሌ ያህል ፀሐይ ከአናት ስትሆን ኦዞኑ ከአሥሩ አንዱን እጅ ያሳልፋል ብንል፣ ፀሐይ አድማስ ቀርባ መንገዱ አራት እጥፍ ሲረዝም የሚያልፈው ከአርባው አንድ አይደለም፤ ከአሥር ሺው አንድ ነው። ማለዳና ምሽት ላይ ፀሐይን በዓይናችን እያየናት፣ ሙቀቷም እየተሰማን፣ ጨረሩ ግን የለም የምንለው ለዚህ ነው።

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወረዳዎች በሰሜን ኬክሮስ በ11ኛውና በ12ኛው ዲግሪ መካከል አካባቢ ይገኛሉ። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል ከአናታቸው ላይ ትቆማለች፤ አንዴ በሚያዝያ አጋማሽ፣ አንዴም በነሐሴ አጋማሽ። የነሐሴው ግን ለስሙ ነው፤ የክረምት ደመናና የጉና ጭጋግ ይሸፍኑታልና። ከፍታውም ይረዳል። የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ የጉና ተራራ ጫፍ ከ4000 ሜትር ይበልጣል። በየ1000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ስለሚጨምር፣ የነፋስ መውጫ ሰው በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው በሲሶ ያህል የበለጠ ጨረር ይወርድለታል። ከስማዳ ደጋ ወርዶ ወደ በሽሎና ዓባይ ሸለቆ የሚዘልቀው ቆላማ ምድር በአንጻሩ ያነሰ ያገኛል።

ይሁን እንጂ ከሰማይ የሚወርደውና ገላ የሚደርሰው አንድ አይደሉም። ደጋው ጨረሩን በሲሶ ሲጨምር ብርዱ ደግሞ ጋቢና ብርድ ልብስ ያስደርባል። የቆላው ሰው ክንዱንና እግሩን ገልጦ ሲያርስ፣ የጉና ግርጌ ሰው ከፊቱና ከእጁ በቀር ተሸፍኖ ይውላል። ፊትና እጅ ተደምረው ከጠቅላላው ገላ አሥር በመቶ ቢሆኑ ነው። በዚህ ላይ የቆዳችን ቀለም ሜላኒን አለ፤ ከቃጠሎና ከቆዳ ካንሰር የሚጠብቀን ይኸው ቀለም ጨረሩን ስለሚሻማ፣ ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ከነጩ ሰው ብዙ እጥፍ የሚረዝም ጊዜ ያስፈልገዋል። ከጎንደር ምድር ተነሥተው ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ሴቶች ዘንድ የቫይታሚን ዲ እጥረት በብዛት መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ1995 ተጽፏል።

እንግዲህ በእነዚህ ወረዳዎች ማን ይሰጋል? ከብት ጠባቂው ልጅ አይደለም፤ ባቱንና ክንዱን ገልጦ ከረፋድ እስከ ማታ ሜዳ ላይ ነው። ደበሎ ለባሹ የአብነት ተማሪም ውጭ ተቀምጦ ስለሚያጠና ብዙ አንፈራለትም። የሚያሰጋን ከጎጆ የማይወጣው ሕፃን ነው። ወንዱ እስከ 40 ቀን፣ ሴቷ እስከ 80 ቀን፣ ማለትም እስከ ክርስትና፣ ከእናቲቱ ጋር ቤት መቆየት የተለመደ ነው። ከክርስትና በኋላም ቢሆን «ምች ይመታዋል»፣ «ዓይን ይገባበታል» እየተባለ ተጠቅልሎና ተሸፍኖ ይያዛል። የጎጆው በር አንድ ነው፤ መስኮቱም ጠባብ ወይም ጭራሹን የለም። ምችን መፍራት መሠረት የለውም ብለን እናቶችን ለመውቀስ አንደፍርም፤ ሕፃንን ከጠራራ ፀሐይ መጠበቅ ተገቢ ነው። ችግሩ ጥንቃቄው ድንበር ማጣቱ ነው። በተጨማሪም ሕፃኑ ሲወለድ ይዞት የሚመጣው የቫይታሚን ዲ ስንቅ የእናቱ ስለሆነና የእናት ጡት ወተትም ከዚህ ቫይታሚን የያዘው ጥቂት ስለሆነ፣ እናቲቱ ከተጎዳች ልጁ ከጅምሩ ባዶ እጁን ነው።

ከሕፃናት ቀጥሎ የሚመጡት፣ ሳይታሰብ፣ የከተማ ተማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ በአዳማና በአካባቢዋ በ174 ተማሪዎች ላይ የተካሄደ ጥናት ከመቶ 42ቱ እጥረት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከከተማዎቹ ልጆች ከ60 በመቶ በላይ፣ ከገጠሮቹ ግን 21 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሰማዩ አንድ ነው። የተለያየው የጣራው ሥር ሰዓት ነው።

ምልክቶቹን ማወቅ ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ለሌላ ነገር አለመስጠት ነው። በሕፃን ላይ እርግብግቢቱ በጊዜው ሳይዘጋ ይቆያል፤ ግንባሩ ወደ ፊት ይወጣል፤ ጥርሱ ይዘገያል፤ የእጁ አንጓ ያብጣል፤ በጎድን አጥንቶቹ ጫፍ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ እብጠቶች በጣት ይዳሰሳሉ። መቀመጫና መሄጃው ይዘገያል፤ ቆሞ መሄድ ሲጀምርም እግሮቹ እንደ ቀስት ይጎብጣሉ ወይም ጉልበቶቹ ይጋጫሉ። በደሙ ውስጥ ካልሲየም እጅግ ሲያንስ ደግሞ አንዘፍዝፎ ይጥለዋል፤ ይህን ያየ ቤተሰብ ጸበል መውሰዱ ባይከለከልም በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ማድረስ አለበት። በአዋቂ ላይ ምልክቱ ድብቅ ነው። ወገብና ጭን ይጠዘጥዛል፤ ከበርጩማ ለመነሣትና ዳገት ለመውጣት ጉልበት ያንሳል። «ብርድ ነው»፣ «ቁርጥማት ነው» ተብሎ ለዓመታት ሊታለፍ ይችላል።

የእግር መጉበጥ ሁሉ ግን ከቫይታሚን ዲ እጥረት አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የናይጄሪያ ጥናት በሪኬትስ የተያዙ ልጆች ከቫይታሚን ዲ ይልቅ በካልሲየም የተሻለ እንደዳኑ አሳይቷል። ይህም እኛን ይመለከታል። በደጋው ጋይንት ገበታው ገብስ፣ ስንዴና ድንች ነው፤ በረጅሙ የጾም ወቅት ወተት የለም። ጤፍ ከብዙዎቹ እህሎች በካልሲየም የተሻለ ቢሆንም ደጋው ጤፍ አያበቅልም፤ ከቆላውና ከወይና ደጋው ገበያ ይገዛል። ሊጡ እስኪቦካ መጠበቁም ከጣዕም ያለፈ ጥቅም አለው፤ በእህል ውስጥ ካልሲየምን አሥሮ የሚይዘው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር በመቡካት ይቀንሳልና።

ብርሃን አጥንትን እንደሚያድን በመሣሪያ ያሳየው የበርሊኑ የሕፃናት ሐኪም ኩርት ሁልድሺንስኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ሪኬትስ ያለባቸውን ልጆች ከኳርትዝ በተሠራ የሜርኩሪ መብራት ፊት አስቀምጦ መዳናቸውን በራጅ ተከታተለ። መብራቱ የኳርትዝ የሆነበት ምክንያት ለአንባቢ አሁን ግልጽ ነው፤ ተራ መስታወት ጨረሩን አያሳልፍም። ይበልጥ የሚያስደንቀው አንድ ክንድ ብቻ ሲበራለት የሁለቱም ክንዶች አጥንት መዳኑ ነው። ከዚህም ቆዳ ላይ የተሠራ አንዳች ነገር በደም ተጉዞ እንደሚሠራ ታወቀ።

በአገራችን ሕፃናትን በቅቤ ወይም በዘይት አሽቶ ፀሐይ ማሞቅ የቆየና የሚደነቅ ልማድ ነው። እርማት የሚያሻው ሰዓቱ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚመከረው ማለዳ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነውና። በዚያ ሰዓት፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት፣ ፀሐይ በጋይንት ገና 15 ዲግሪ ያህል ላይ ናት፤ የጨረሩ መንገድም ከላይ ያልነው አራት እጥፍ ነው። ልጁ ይሞቃል፣ ቫይታሚኑ ግን አይሠራም። ፀሐይ 45 ዲግሪ ስትደርስ የቋሚ ነገር ጥላ ከቁመቱ ጋር እኩል ይሆናል፤ ጥላችን ከቁመታችን ሲያጥር ጨረሩ በቂ ሆኗል እንላለን። ይህ ማለት ግን ሕፃንን በቀትር ማስጣት ማለት አይደለም። ረፋድ ላይ፣ እጅና እግሩን ገልጦ፣ ዓይኑንና ራሱን ከልሎ፣ ለጥቂት ደቂቃዎች ነው። ቆዳ ሳይቀላ መመለስ ነው። የቆዳ ቀለም የሌላቸው ወገኖች ይህን ምክር ፈጽሞ መከተል የለባቸውም። ቆዳ ከበቂ በላይ ሲያገኝ ትርፉን ወደ ማይሠሩ ሞለኪውሎች ስለሚለውጥ ፀሐይ በቫይታሚን ዲ አትመርዝም፤ ክኒን ግን ከመጠን ካለፈ በደም ውስጥ ካልሲየምን አብዝቶ ኩላሊትን ይጎዳል። ስለዚህ ጠብታውም ክኒኑም በጤና ባለሙያ ትእዛዝ ይሁን፤ ለሕፃናት በመጀመሪያው ዓመት የሚመከረው በቀን 400 ዓለም አቀፍ አሃድ፣ ማለትም 10 ማይክሮ ግራም ነው። ጥርጣሬ ካለ የእጅ አንጓ ራጅና የደም ምርመራ ጉዳዩን ይለያሉ፤ በደም በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ናኖ ግራም በታች ከሆነ በብዙዎች ዘንድ እጥረት ይባላል።

በነፋስ መውጫ፣ በወገዳም ሆነ በመካነ ኢየሱስ ያላችሁ ተማሪዎች አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ዘንግ ደልዳላ መሬት ላይ ትከሉና ጥላው ልክ አንድ ሜትር የሚሆንበትን ሰዓት በየወሩ መዝግቡ። የአገራችን ሰዓት የተቃኘው በ45ኛው ኬንትሮስ ሲሆን እናንተ 38ኛውን ጥቂት አልፋችሁ ስለምትገኙ፣ ፀሐያችሁ ከሰዓታችሁ ግማሽ ሰዓት ገደማ ወደ ኋላ ትዘገያለች። በእኛ ስሌት ጥላውና ዘንጉ በሚያዝያ አጋማሽ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ እኩል ይሆናሉ።